ሁለተኛዋ ዓይን

ሰው ሲለያይ ዕቃ ይመላለሳል፤ ቀለበት፣ ፎቶ፣ የተዋሰውን ጃንጥላ። ጥንቅቅና አልጋ ወራሹ ግን የሚመላለሱት ዕቃ አልነበራቸውም። ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ የተሰጣጡት ኮድና ማስታወሻ ብቻ ነው፤ ማስታወሻ ደግሞ አንዴ ከተነበበ ወዴት ይመለሳል? ስለዚህ ጥንቅቅ መመለስ የምትችለውን አንድ ነገር መለሰች። መሳቢያዋ ውስጥ ትቶላት የሄደውን ደብዳቤ፣ እሽጉን ሳትነካ፣ ኪቦርዱ ላይ አስቀምጣለት ወጣች። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆናቸው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ጀርባ ተሰጣጥተው እንደ ባዳ ይውላሉ።

«ጥንቅቅ» እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ክፍል ያወጣላት ነው፤ የሰው ኮድ ስታነብ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አታልፍምና። አልጋ ወራሹም የንጉሥ ልጅ አይደለም። የዳይሬክተሯ አንድያ ልጅ ሆኖ፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት ቢሮ ፎቅ ላይ እየጠበቀው፣ ከሰርቨሩ ጩኸት ጋር ሦስተኛ ፎቅ መቀመጥ የመረጠ ፕሮግራመር ነው። ስሙን ያወጡለት ሊያበሽቁት ነበር። እሱ ግን «አልጋውማ ሞልቷል፤ ሁለት መቶ አርባ አልጋ አለን» ብሎ ቀልዱን ቀማቸው። የጥንቅቅ እናት እነዚያ አልጋዎች ላይ የሚነጠፈውን አንሶላ ምድር ቤት ሆና ሃያ ዓመት አጥባለች። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ለመለካት አሳንሰሩ ውስጥ ገብቶ ቁልፎቹን መቁጠር ይበቃ ነበር።

በዚያ ክፍል የማይጣስ ሕግ አለ። ማንም የጻፈው ኮድ ሁለተኛ ዓይን ሳያየውና «ይለፍ» ሳይል ሥራ ላይ አይውልም። ፍቅራቸው የተወለደው እዚያ ላይ ነው፤ በመስመርና በመስመር መካከል በሚጻፍ ማስታወሻ። መጀመሪያ እሷ «ይህ ለምን አስፈለገ?» ብላ ጻፈችበት። «እኔም አላውቅም» ብሎ መለሰላት። እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጥ ወንድ ፕሮግራመር አይታ አታውቅምና ለብቻዋ ሳቀች። ከዚያ እሱ «ይህ መስመር ያምራል» አለ። ከዚያ «ትናንት ሳልሽ፤ ዛሬ ተሻለሽ?» የሚል ማስታወሻ፣ ምንም ስህተት የሌለበት መስመር ጎን ተጽፎ ተገኘ።

ነገሩን ያበላሸው ምሳው ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ዳይሬክተሯ የልጃቸውን ወዳጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታቸው ጋበዟት። ሾርባው እስኪነሳ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። ዳይሬክተሯ አፋቸውን በናፕኪን አበሱና፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው፣ «እናትሽ አእምሮ ክፍል የተኛችው አራት ወር ነው አይደል?» አሏት። «እንዲህ ያለው ሕመም በዘር ይሄድ እንደሆነ ሐኪም ጠይቀሻል?»

ጥንቅቅ ያንን ነገር ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለሱም ጭምር። እሷ ራሷ ያወቀችው በልጅነቷ አክስቷ ስታንሾካሹክ ሰምታ ነው። እናቷ ስለዚያ ዘመን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ታዲያ ነገሩ የተጻፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እናቷ እዚሁ ሆስፒታል ያላት ፋይል ላይ። ያንን ሲስተም እስከ ሥሩ የሚከፍት ደግሞ አንድ ሰው ነው። አልጋ ወራሹን ደረጃው ላይ አስቆመችው።

«አነበብከው፤ ለእናትህም ነገርካቸው።»

«አላየሁትም። ማን እንደከፈተው ግን አጣራለሁ።»

በማግስቱ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። «አጣራህ?» አለችው። «አጣራሁ።» «ማን ነው ታዲያ?» ዓይኖቿን ትኩር ብሎ አያቸው፤ ሊናገር አሰበ፤ ተወው። «በኔ ይሁን» አለ። ጥንቅቅ ያንን ቃል እንደ ኑዛዜ ወሰደችው፤ የልቧን በርም በዚያው ጠረቀመች።

ዛሬ የመጨረሻ ቀኑ ነው። ነገ ጠዋት በባቡር ወደ ሩቁ ቅርንጫፍ ሆስፒታል ይሄዳል፤ ሁለት ዓመት። የላኩት እናቱ ናቸው። ከምሳ በኋላ፣ የክፍሉ አንጋፋ የሆኑት ጋሼ ወንበራቸውን ወደ ጥንቅቅ ጠጋ አደረጉ።

«ልጄ፣ ይህን የሱን የመጨረሻ ሥራ አንቺ እዪልኝ።»

«ለርስዎ ነው የላከው እኮ፣ ጋሼ።»

«ለኔማ ነው። ዓይኔ ግን ዛሬ አልነጋለትም።» መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ። የጋሼ ዓይን በመርፌ ቀዳዳ ክር እንደሚያሳልፍ ክፍሉ በሙሉ ያውቃል።

ጥንቅቅ ኮዱን የከፈተችው በክፋት ነው፤ መደበቅ አያስፈልግም። አንድ ስህተት፣ አንዲት ብቻ፣ ከዚያ «አላለፈም» ብላ ፊቱ ላይ ልትመልስለት። በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ነውር መሆኑን እያወቀች፣ ቁስሉን ለመፈለግ እጅጌዋን ሰበሰበች።

እዚህ ላይ አንባቢ የሲስተሙን ነገር ጥቂት ይወቅ። የሆስፒታሉ ሲስተም አንድ መስኮት አለው። የሐኪሙ ኮምፒውተር፣ የነርሷ ታብሌት፣ የታካሚው ስልክ ሁሉ «የእገሌን ፋይል ስጠኝ» ብለው የሚጠይቁት በዚያ መስኮት ነው፤ ባለሙያዎቹ ኤፒአይ ይሉታል። መስኮቱ «ማን ነህ?» ይላል፤ ይህን ፓስወርድ ይመልሰዋል። ቀጥሎ «ማዕረግህስ?» ይላል። ሐኪም ነኝ ካልከው ሐኪም የሚያየውን ሁሉ ያሳይሃል። ዝግጁ ሆኖ የሚመጣው ፍተሻ የሚያውቀው ይህንኑ ነው። የዓይን ሐኪሙ ያላያትን፣ የማያያትንም ወላድ ፋይል ልክፈት ቢል፣ መስኮቱ ማዕረጉን አይቶ እጅ ነስቶ ያስገባዋል።

አልጋ ወራሹ የጻፈው ሌላ ነገር ነው። ዝግጁውን ትቶ፣ በልክ እንደሚሰፋ ልብስ፣ የራሱን ፍተሻ ሰፍቷል። መስኮቱ አሁን ሦስተኛ ጥያቄ ይጠይቃል፤ በአንተና በዚች ታካሚ መካከል ምን አለ? ዛሬ እያከምካት ነው? ቀጠሮ አላት? ተራህ ነው ወይስ ወደ ቤትህ ሄደሃል? ሕክምናው ሲያልቅ በሩ ቀኑን ቆጥሮ ራሱ ይዘጋል። ታካሚዋ ለፈለገችው ትፈቅዳለች፤ የፈቀደችውን ደግሞ በፈለገች ሰዓት መልሳ ትከለክላለች፤ ለምን ተብላ አትጠየቅም። ከፋይሉ ሁሉ በላይ የፋይሉ ባለቤት ቆማለች።

ጥንቅቅ አንድ ጊዜ አነበበች። ተመልሳ ከላይ ጀመረች። እጅጌዋ ሳታውቀው ወርዷል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ይህ ሰው ግን ማንም ያላጠረለትን ባለቤት፣ አልጋ ላይ ተኝቶ ምንም የማያውቀውን፣ የማይሰማውን ሰው፣ መስመር በመስመር አጥሮለታል። አንዲት የተረፈች ቃል የለችም። አንዲት የጎደለች የለችም። እንደዚህ ያለ ኮድ የሚጻፈው ለእንጀራ አይደለም፤ ጥንቅቅ ይህን ታውቃለች፤ ሙያዋ ነው። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ንዴቷ መስሏት ነበር።

ቀጥላ መፈተኛዎቹን አስነሳች። ፕሮግራመር ሥራውን ሲጨርስ፣ የውሸት ሰው እየፈጠረ በሩን በራሱ ላይ ያስገፋል፤ ማን ይገባል ማን ይመለሳል ብሎ። ውጤቱ አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ወረደ። ዛሬ የሚያክማት ሐኪም፣ ይለፍ። አምና ያከማት፣ አይለፍም። በተራዋ ላይ ያለች ነርስ፣ ይለፍ። ዳይሬክተር፣ አይለፍም። ጥንቅቅ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። የዳይሬክተር ልጅ፣ አይለፍም። ሲስተሙን የሠራው ሰው፣ ታካሚዋ ካልፈቀደች በምንም መንገድ፣ በማንም ፓስወርድ፣ አይለፍም።

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ የሚለው ተረት እዚህ ሰው ደጅ አልደረሰም። ሁሉን የሚከፍተውን ቁልፍ በእጁ ይዞ፣ መጀመሪያ የዘጋው በራሱ ላይ ነው።

«ታዲያ ያኔ ለምን ከፈትከው?» አለች ለስክሪኑ፤ ድምፅ አውጥታ። መልሱን ፈለገች። ከኮዱ ጋር አጭር መግለጫ ተያይዟል፤ «የቆየ ስህተት ተነስቷል። የክፍሉ ስህተት ነው።» ከሥሩ በዚያ ስህተት በኩል የተከፈቱ ፋይሎች ዝርዝር አለ። ዝርዝሩ አንድ መስመር ብቻ ነው። የፋይል ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች፤ የእናቷ ነው። የተከፈተው ከምሳው ሁለት ቀን ቀድሞ፣ በዳይሬክተሯ ስምና ፓስወርድ፣ አንድ ጊዜ።

እሱ አይደለም። ጥንቅቅ ወንበሩን ጨብጣ ቁጭ አለች። እሱ አይደለም። ታዲያ «በኔ ይሁን» ያለው ምንድነው? ስህተቱ የሱ ቢሆን ነው፤ ለእናቱ በር ትቶላቸው ቢሆን ነው። አሮጌውን መስመር ፈለገች። ሲስተሙ የትኛውን መስመር ማን መቼ እንደጻፈው አይረሳም፤ ጎኑ ላይ ይመዘግባል። መስመሩን አገኘችው። ዳይሬክተር ከሆነች ሁሉንም ፋይል ክፈትላት፤ ይላል። አጠገቡ የጻፈው ሰው ለራሱ የተወው ማሳሰቢያ አለ፤ «ጊዜያዊ፤ ነገ ይነሳል።»

የጻፈው ሰው ስም የሷ ነው።

ቀኑን አየችው። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት፣ ሁለተኛ ዓይን የሚባል ሕግ ገና ሳይወጣ። ዳይሬክተሯ ሲስተሙን ሊጎበኙ መጥተው አንድ ገጽ እንቢ አላቸው፤ የያኔው የክፍሉ አለቃ ከጀርባዋ ቆሞ «ቶሎ በይ፣ ቶሎ በይ» አላት፤ በጥድፊያ ይህችን መስመር ወረወረች። ነገ ልታነሳት። ነገ ሌላ ሥራ መጣ። ነገ ሦስት ዓመት ሆነ። የሰውን ነጠላ ሰረዝ ስትለቅም የኖረችው ጥንቅቅ፣ የራሷ አሮባት የሰው ታማስል ነበር። የእናቷን በር ከፍታ የተወችው እሷ ናት።

እሱ ይህን በማግስቱ አውቆታል። ስሟን እንደዚህ ጥቁር በነጭ አይቶታል። አንድ ቃል ቢናገር ነፃ ይወጣ ነበር። ሦስት ሳምንት ጀርባዋን እያየ፣ የሷን ጥላቻ እንደ ደመወዝ እየተቀበለ፣ ስሟ የሌለበት መግለጫ ጻፈ። ጥንቅቅ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ማልቀስ አይደለም የመጣባት፤ አንድ ትልቅ ነገር ፊት ለፊቷ ቆሞ ቀና ብላ መጨረሻውን ያጣችው ይመስል ነበር። ሰው ሰውን ይህን ያህል ይወዳል? እሷንስ ነው?

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ዳይሬክተሯ ናቸው። ሆስፒታሉን በሦስት አልጋ የጀመሩ አዋላጅ ነርስ ናቸውና የቆየው ሠራተኛ ሁሉ እስከ ዛሬ «ሲስተር» ይላቸዋል። የጋሼን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«አንቺ ጋ ነው አሉኝ። አነበብሽው?»

«አንብቤዋለሁ፣ ሲስተር።»

«ስህተት አለው?»

«የለውም።»

«አግኚለት።» ድምፃቸው ክፉ አልነበረም፤ የደከመ ነበር። «ጠዋት ቁርስ ላይ ነገረኝ። ከነገ ጀምሮ እኔ በገዛ ሆስፒታሌ አንኳኩቼ ልቆም ነው። ይህን ቤት በእጄ ነው የሠራሁት፤ ግድግዳው ሲለሰን እኔ ነኝ ውኃ ያቀበልኩት። እንግዲህ ስሚኝ። ልጄን የላክሁት እኔ ነኝ፤ የምመልሰውም እኔ ነኝ። ይህን ነገር አልተቀበልኩትም ብለሽ መልሺው። እሱ አይሄድም። በወሩ ሠርጋችሁን እኔው እደግሳለሁ፤ ቃሌ ነው። ካሳለፍሽው ግን እሱም ይሄዳል፤ አንቺም እናትሽም እዚህ ስለመቆየታችሁ ቃል አልገባም።»

ጥንቅቅ ስክሪኑን አየች። ሁለት ቁልፍ አለ፤ «ይለፍ» እና «አላለፈም»። አንዱ እሱን ያመጣል። እሱን! ጠዋት ጠዋት ቀድሟት ገብቶ መብራቷን የሚያበራላትን፣ ሲያስብ ጆሮውን የሚጎትተውን፣ ስሟን ደብቆ ጥላቻዋን የተሸከመውን። አንድ ጣት ማንሳት ነው። ማንም አያውቅም። ወንበሯን ወደ ዳይሬክተሯ አዞረች።

«ሲስተር፣ ፋይሉን ያን ቀን ለምን ከፈቱት?»

«እናት ስለሆንኩ» አሉ ዳይሬክተሯ። «ልጄ የሚገባበትን ውኃ ጥልቀቱን ልለካ ብዬ። አንቺም ስትወልጂ ይገባሻል።»

«የኔም እናት እናት ናት፣ ሲስተር።»

ይህን ብላ «ይለፍ»ን ተጫነች። ኮዱ ያን ጊዜውኑ ሥራ ላይ ዋለ።

ዳይሬክተሯ አልጮሁም። የጋሼን ኪቦርድ ሳቡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ የራሳቸውን ፓስወርድ አስገቡ፣ ከዚያ ያንን የፋይል ቁጥር። ከወረቀት ሳያዩ ነው የጻፉት፤ እሳቸውም በቃላቸው ይዘውታል። ስክሪኑ ጥቂት አሰበና አንዲት ቃል አወጣ፤ «አልተፈቀደም»።

«ሃያ ዓመት አሠርቻታለሁ እኮ» አሉ፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳይታወቅ።

«ማሠራት አያስነብብም፣ ሲስተር።»

ስክሪኑ ላይ ያለችውን ቃል ደግመው አነበቧት። ፊታቸው ላይ ጥንቅቅ የጠበቀችው ቁጣ አልነበረም። የሠሩት ቤት ከሳቸው በላይ ሲያድግ ያዩ ሴት ፊት ነበር፤ ልጃቸው ሲያድግ እንዳዩትም ይሆናል። ምንም ሳይሉ ተነሥተው ወጡ፤ በሩንም ቀስ አድርገው ዘጉት። ጥንቅቅ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ባቡሩ ማሰብ ነበረባት። ያሰበችው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ምድር ቤት ያለችውን።

ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። የልብስ ማጠቢያው ክፍል በእንፋሎት ታፍኗል። ግዙፎቹ ማሽኖች ያጓራሉ፤ እናቷ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ጠቅልላ ትኩስ አንሶላ ታጥፋለች። ጥንቅቅ አጠገቧ ደርሳ ቆመች፤ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አወጣችው። ፋይሉን፣ ምሳውን፣ የራሷን መስመር።

«እማዬ፣ በሩን ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

እናቷ አንሶላውን አጥፋ ጨረሰች። «የፋይሉን ነገር ያን ሰሞን ሰምቼዋለሁ» አለች። «ያ ልጅ መጥቶ ነግሮኛል። እዚችው፣ አንቺ የቆምሽበት ላይ ቆሞ፣ ‹ፋይልዎ ያለ ፈቃድዎ ተከፍቷል፤ የከፈተችው እናቴ ናት፤ ይቅርታ ልጠይቅዎ የመጣሁት እኔ ነኝ› አለኝ። በሕይወቴ ትልቅ ሰው ይቅርታ ጠይቆኝ አያውቅም። አንሶላ ከእጄ ወደቀ።»

«በሩን የተወው ማነው አለሽ?»

«‹የኛ ክፍል› አለ። አንቺ እንደሆንሽ እንኳ አሁን ገና ነው የገባኝ።» እናቷ ፊቷን አየቻት። «ስለ ፋይሉ ለምን ዝም እንዳልኩሽ ታውቂያለሽ? አንቺ ራስሽ መጥተሽ እንድታወሪኝ ነው። ሦስት ሳምንት ፊትሽ ጠቁሮ ትወጫለሽ ትገቢያለሽ። የፋይሌ መደፈር ነው የቆጫት ብዬ ነበር። በኋላ ሳየው ግን ያፈርሽው በሕመሜ ነው። እኔ ያላፈርኩበትን አንቺ ምን ቤት ነሽ የምታፍሪበት? ታመምኩ፤ ዳንኩ። ይኸው ሃያ ዓመት የሰው አንሶላ አጥባለሁ።»

ጥንቅቅ አሁን ገባት። ከዳይሬክተሯ በፊት፣ ከዚያች መስመርም በፊት፣ እናቷን ደብቃ የኖረችው እሷ ናት። እንባዋ ያን ጊዜ መጣ።

«ልረብሻችሁ አልፈለግሁም» አለ ድምፅ ከበሩ።

አልጋ ወራሹ ነው። ለመሰናበት ነው የመጣው፤ ጥንቅቅን እዚህ አገኛለሁ አላለም። ሁለቱም የት እንደሚያዩ ጠፋቸው። ሦስት ሳምንት ያልተያዩ ዓይኖች ሲገናኙ መጀመሪያ ይሸሻሉ፤ ከዚያ አይነቀሉም። እሱ የዓይኖቿን ቅላት አየ፤ እሷ የፊቱን ክሳት አየች።

«አሳለፍኩት» አለች።

«ለጋሼ ነበር የላክሁት።» ፊቱ ደም መሰለ። «አንቺ እንድታዪው አልፈለግሁም።»

«ስሜን አየሁት። ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ራስሽን ትጠዪ ነበር። እኔን ብትጠዪ ይሻላል ብዬ ነው። የኔ ይለመዳል፤ አንቺ ግን ለራስሽ ይቅር ማለት አታውቂም፤ ኮድሽን ሳነብ ነው የኖርኩት።»

«አንተ! የሰው ልጅ እንዲህ ያደርጋል? በጥላቻዬ ሦስት ሳምንት ስትቃጠል?»

«ከጀርባዬ ያ ሳልሽ ይሰማኝ ነበር። በሕይወት መኖርሽን ሰምቼ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። ይበቃኝ ነበር።»

ጥንቅቅ እንባዋን ጠረገች። «ደብዳቤው ላይስ ምን ብለህ ነበር?»

«ስለ ፋይሉ አይደለም። ሌላ ነው። ቅጂ የለውም፤ ከፈለግሽ በቃሌ ልንገርሽ።»

«እኔ አለሁ እኮ!» አለች እናቷ ከአንሶላው ጀርባ። ሁለቱም ደነገጡ፤ ከዚያ ሦስት ሳምንት የታፈነ ሳቅ ሦስቱንም አሳቃቸው።

«ነገ ትሄዳለህ?» አለችው ጥንቅቅ ሳቁ ሲያልፍ።

«እሄዳለሁ። እናቴ ስለላከችኝ አይደለም። የዚያኛው ሆስፒታል መስኮትም እንደኛው ነው፤ አሁንም ክፍት ነው። ስጨርስ ግን…» ጆሮውን ጎተተ። «ስጨርስ ሁለተኛ ዓይን ያስፈልገኛል። ለኮዱም፣ ለዕድሜዬም።»

«አነብባለሁ» አለች።

እናቷ እጇን በሽርጧ አደረቀችና ስልኳን አወጣች። «በል ና» አለችው። «ታካሚዋ ከፈቀደች ይከፈታል ብለኸኝ የለ? ከሰው አፍ ቆራርጠህ ከምትሰማው፣ አንብበው። የምትገባበትን ቤት እወቅ። ፈቅጃለሁ።»

«እናቴ፣ ግድ የለም…»

«ፋይሉ የኔ ነው ወይስ ያንተ?»

እናቷ የፈቃዱ ገጽ ላይ የሱን ስም አስገብታ ስልኩን ሰጠችው፤ ከሥሩ ገጹ እሱ ራሱ የጻፈውን ጥያቄ ጠየቀ፤ «ይህ ሰው ምንዎ ነው?» ባዶ ቦታው ይጠብቃል። አውራ ጣቱ ስክሪኑ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። ወዳጅ? ጓደኛ? የአሠሪ ልጅ? ያን ሁሉ ሰው በአንድ ጥያቄ ያስቆመ ሰው በራሱ ጥያቄ ቆመ። ቀና ብሎ ጥንቅቅን አያት፤ እሷ እናቷን አየች።

«ምን ያስጨንቅሃል?» አለች እናቷ። «ልጄ በል።»

ጥንቅቅ ስልኩን ከመዳፉ ወስዳ ሁለቷን ፊደል ጻፈችለት። ወዲያው የሱ ስልክ ኪሱ ውስጥ ነዘረ። አውጥቶ አየው፤ «ተፈቅዶልዎታል» ይላል። በሩ ተከፍቷል፤ ለዳይሬክተሯ እንቢ ያለው በር። እሱ ግን አልገባም። ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ መለሰና፣ ያልታጠፉት አንሶላዎች ክምር ላይ፣ ከእናቷ እግር አጠገብ ተቀመጠ።

«ከፋይል ማንበብ አልፈልግም» አለ። «እርስዎ ይንገሩኝ። የፈለጉትን ያህል፤ እስከፈለጉት ድረስ። እኔ እሰማለሁ።»

እናቷ ወደ ጥንቅቅ ዞረች።

«አንቺም ከኔ አፍ ሰምተሽው አታውቂም» አለች። «ተቀመጪ።»

ጥንቅቅ ከሱ ጎን፣ ትኩሱ አንሶላ ላይ ተቀመጠች። እናቷ ሄዳ ማሽኖቹን አንድ በአንድ አጠፋቻቸው፤ ክፍሉ ጸጥ አለ። ተመልሳ ከፊታቸው ተቀመጠችና፣ ሃያ ምናምን ዓመት ማንም ያልጠየቃትን ነገር፣ ከመጀመሪያው ጀመረች። ጥንቅቅ እናቷን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያያት ሰው፣ ዓይኗን ሳትነቅል ሰማቻት።